የቀይ ሕዋሳት ሰርጎ ገቦች

ሰኔ 6 ቀን 1975

ዶክተር እንግዳ ዛሬ ቢሯቸው ጠርተውኝ በሩን ዘጉ። የላቦራቶሪያችን ኃላፊ በር ከዘጉ ወይ ሰው ታስሯል፣ ወይ የናሙና ማቅለሚያ አልቋል። ሁለቱም አልነበረም። ጄኔቫ ካለ አንድ ድርጅት ለወባ ተመራማሪ የአንድ ዓመት ፌሎሺፕ መጥቷል። ቦታው ስዊዘርላንድ፣ ባዝል፤ ከኢትዮጵያ አንድ ሰው ብቻ።

«ስምሽን ጽፌያለሁ፤» አሉኝ። ከዚያ ወደ በሩ አየት አድርገው፣ «ኮሚቴው ከፈቀደ ነው እንግዲህ፤» አሉ።

ባዝል ውስጥ የወባን ጥገኛ ጠርሙስ ውስጥ፣ በደም ያሳድጉታል። መድኃኒት እየጨመሩበት የቱ እንደሚሞት፣ የቱ እንደማይሞት ያያሉ። እኔ ከዝዋይ በሚመጣ ስላይድ ላይ የሞተ ጥገኛ መቁጠር ከጀመርኩ ስንት ዘመኔ! የዝዋይ ሰዎች ክሎሮኪናቸውን ይውጣሉ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ እየተንቀጠቀጡ ይመለሳሉ። መድኃኒቱ ደክሞ ነው ወይስ በትክክል ሳይወስዱት ቀርተው? ከሞተ ጥገኛ ይህን መጠየቅ አይቻልም። ይህ ዕድል ካመለጠኝ እስከ ጡረታዬ ሬሳ ስቆጥር መኖሬ ነው።

የኮሚቴው ሊቀመንበር የመሥሪያ ቤታችን የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ አምሐ ነው። ካኪውን ለመኝታም የሚያወልቅ አይመስለኝም።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ከነገርኳት ነገ ጎፋ፣ ከነገ ወዲያ ነፋስ ስልክ ይሰማል።

ሰኔ 9

ቸኩያለሁ። መብራት ጠፍቶ አድሮ የፍሪጁ ደም ሁሉ ተበላሽቷል። ማመልከቻው በአማርኛም ይቅረብ ተብሏል፤ ኮሚቴው ያላነበበውን አይፈቅድም። ባልደረባዬ ከበበውም አመልክቷል። ከበበው የሚያጠናው የአንጀት ትል! «አንተ ደግሞ ከወባ ጋር ምን አገናኘህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ያው ሁሉም ጥገኛ አይደል?» አለኝ። ራሱን ማለቱ ከሆነ አምነዋለሁ።

ሰኔ 14፣ ማታ

መተርጎም የሚባለውን ነገር የፈጠረው ሰው እጄ ላይ ቢገባ! እንግሊዝኛው አንድ መስመር ነበር፤ አማርኛው ገጹን ሞላው።

ፓራሳይት፣ ጥገኛ። ደግ። ሆስት፣ አስተናጋጅ። ይኸኛው ደግሞ በሽተኛው ወባን ምሳ የጋበዛት አስመሰለው። ከልቸር፣ ባህል። «የጥገኛውን ባህል ለማሳደግ» ብል አምሐ ነገውኑ የኪነት ቡድን ከነከበሮው ይልክልኛል። ብቻዬን ስስቅ እማዬ ሽሮዋን ትታ መጣች።

ሕዋስ የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆም አለ። ግን ቃሉ ትክክል ነው። የተማሪዎቹ መጽሐፍም ሕዋስ ነው የሚለው። ጻፍኩት። ርዕሱ እንዲህ ሆነ፦ «በቀይ ሕዋሳት ውስጥ ሰርገው የሚገቡ ጥገኞች መድኃኒትን ስለሚቋቋሙበት ዘዴ»። ጥገኛው ቀዩን ሕዋስ ሰብሮ አይደለም የሚገባው፤ ሰርጎ ነው። እንግሊዝኛው ራሱ እንዲህ አላማረም። እኔ እኮ ተርጓሚ መሆን ነበረብኝ።

እማዬ አላስቀምጥ ስላለችኝ ነገርኳት። «ባዝል ሩቅ ነው?» አለች። «ሩቅ ነው» አልኳት። «ነጋም የውጭ ዕድል ይመጣልኛል ይል ነበር፤» አለችና ወደ ሽሮዋ ተመለሰች።

ነጋ ታናሼ ነው። በ1970 የሕዋስ አባል ነው ብለው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበርና አልተቀመጥንም። ይኸው ነው። ወደ ጥገኛዬ ልመለስ።

ሰኔ 21

ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። እንዳለ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ኋላ ፈጥሬው ይመስለኛል።

ጓድ አምሐ ርዕሱን ጮክ ብሎ አነበበ። ደግሞ በዝግታ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ።

«ጓዲት ፅጌረዳ፣ እነዚህ ቀይ ሕዋሳት የማን ናቸው?»

«የሰው ናቸው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የየትኛው ሰው?»

«ወባ የያዘው ሰው ሁሉ።»

«ሰርጎ ገቦቹስ?»

«ጥገኞቹ ናቸው።»

«እንግዲህ ቀይ ሕዋሶቻችንን ሰርጎ ገብ ሞልቷቸዋል፣ መድኃኒትም አልተገኘለትም እያልሽ ነው?»

«ጉዳዩ ገና በጥናት ላይ ነው፤» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ሊረዳኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ «ነጭም አለ አይደል እንዴ?» አለ። እኔም፣ እግዜር ምላሴን ይቁረጠውና፣ «አዎ፣ ነጮቹ ይከላከላሉ» አልኩ። ነጮቹ ይከላከላሉ! ቀይና ነጭ እየተባለ ያ ሁሉ ሰው ባለቀበት አገር፣ ካኪ ለባሽ ፊት ቆሜ! ዶክተር እንግዳ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«ለመሆኑ ለምን ስዊዘርላንድ?» አለ አምሐ። «ወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች ምን ጎደላቸው?»

«ሞስኮ ወባ የለም፣ ጓድ።»

«ባዝል አለ?»

አፌን አስያዘኝ። ባዝልም የለም እኮ። ያን ሁሉ ጊዜ ስስቅበት የኖርኩት ሰው ነው እንዲህ ያደረገኝ።

ርዕሱ ታርሞ ይቅረብ ተባለ።

ሰኔ 22

ማታ ሰርቪስ ላይ ለጋሽ ዋቅቶላ አወራሁለት። ሾፌራችን ነው፤ ሰፈሩም እዚሁ ጎፋ ስለሆነ ሁሌ መጨረሻ የምንቀረው እኔና እሱ ነን። ሳቅ ገደለው። ቄራ ጋ መኪናውን ዳር አስይዞ ዓይኑን ጠረገ። «ነጮቹ ይከላከላሉ አልሽ? አንቺ ልጅ፣ ኧረ እናትሽን አስቢያት!» ከዚያ መኪናውን አስነሳ። ነጋን መኪና መንዳት ያስተማረው እሱ ነበር። ያኔ ነጋ የሰርቪሱን ማርሽ አንዴ ሰብሮበት ነበር፤ ለማንም አልተናገረበትም።

ሐምሌ 2

አዲሱ ርዕስ፦ «የሠርቶ አደሩን ጤንነት ከጥገኛ ጠላት ለመታደግ የሚካሄድ ሳይንሳዊ ትግል»። እያሾፍኩ ነው የጻፍኩት። ወደዱት! አንዱ «ሳይንሳዊና አብዮታዊ» ይባል ብሎ ጨመረበት። ወባ የምትለዋ ቃል ከነአካቴው ጠፍታለች፤ ያስተዋለ የለም። የጄኔቫዎቹ የሚያነቡት እንግሊዝኛውን ነውና ግድ የለኝም። አለቀ ብዬ ወረቀቴን ስሰበስብ አምሐ፣

«አንድ ነገር ቀርቷል፤» አለ። «ሕዋስ የምትለዋን ቃል ሳይ ነው ፋይልሽን ያስመጣሁት። ወንድም ነበረሽ።»

ነበረኝ አልኩ።

«በመጪው ሂስና ግለ ሂስ ላይ በሱ ጉዳይ ያለሽን አቋም በሠራተኛው ፊት ግልጽ ታደርጊያለሽ። ከዚያ የድጋፍ ደብዳቤው ይፈረማል። አስገዳጅ አይደለም። ካልሆነ ጓድ ከበበውም አለ።»

አስገዳጅ አይደለም አለኝ። ደግነቱ!

ሐምሌ 4

ዶክተር እንግዳ፦ «አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፣ ፅጌ። እንደ ክሎሮኪን ናት። ትመራለች፣ ትዋጣለች።»

እኔ፦ «አልሠራ እያለ ያስቸገረን መድኃኒት እኮ እሱ ነው።»

አልሳቁም። ዛሬ አንዱን ስላይድ ሦስቴ ቆጥሬ ሦስት ዓይነት መልስ አገኘሁ።

ሐምሌ 10፣ እሑድ

ላፍቶ ማዶ ችግኝ ተከላ ወጣን። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። የገበሬዎቹ ልጆች አጥር ላይ ተደርድረው ይስቁብናል፤ ዶማ ስንይዝ አይተው መሆን አለበት። አምሐ አጠገቤ መጥቶ መቆፈር ጀመረ። ከሰው ራቅ ስንል ድምፁን ቀንሶ፣ እንደ ወንድም፣ «አትጨነቂ። እኔም በአጎቴ ልጅ ላይ ተናግሬያለሁ። አንድ ጊዜ ነው። ይኸው ደህና ነኝ፤» አለኝ።

ይኸው ደህና ነኝ ሲል እጁ ዶማውን አንቆ ይዞት ነበር። ችግኙን ጉድጓድ ውስጥ ጣለና ሥሩን አፈር ሳያለብሰው ወደሚቀጥለው ሄደ። እኔ አለበስኩለት። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ለችግኙ ነው መሰለኝ።

ሐምሌ 13

የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ማሞ ስለ ቤተሰባችን ሊጠይቅ ቤት ድረስ መጥቷል። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። «ወይዘሮ አማከለች፣ ልጅዎ ስለ ወንድሟ በመሥሪያ ቤቷ ትጠየቃለች» ብሏት ሄዷል። አፉ አያርፍም።

እማዬ ትደነግጣለች ብዬ በሩን ፈርቼ ከፈትኩ። ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት፤ ዓይኗ በርቷል።

«ይኼን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው ጠይቆን አያውቅም፤» አለች። «ምን ዓይነት ልጅ ነበር ያለን የለም። ከጠየቁሽ ንገሪያቸው። አትፍሪ። ጎበዝ ልጅ ነበር በያቸው።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው። እራት ልብላ ብዬ ቁጭ አልኩና ምስሩን ስለቅም ቆየሁ፤ ለነገ የተቀመጠውን።

ሐምሌ 17

አለመናገር ይቻላል። ለራሴ እንዲህ እያልኩ አድራለሁ። አለመናገር ማለት ከበበው ባዝል ሄዶ የወባ ጥገኛ ያሳድጋል ማለት ነው። ከበበው! ቤቱ ያለችውን ድመት እንኳ ማሳደግ አቅቶት የሸጠ ሰው። ታዲያ የዝዋይ ሰዎችስ? ልጆቻቸውስ? እኔ የምሄደው ለራሴ ብዬ ነው እንዴ?

ለራሴም ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ሐምሌ 20

ስብሰባው አለቀ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተናገርኩ። ተጨበጨበ። ዝናብ። ሰርቪሱ ዘገየ።

በኋላ፦ የአምሐን የመክፈቻ ንግግር ልጽፍ አስቤ ነበር። «ኢምፔሪያሊዝም» ለማለት ሦስቴ ተሰናክሎ አራተኛው ላይ ሲወጣለት እኛ ያልነውን ያህል ደስ አለን። ከፊቴ የተቀመጠችው ታይፒስት ሹራብ ትሠራ ነበር፤ እኔ ስነሳ መርፌዎቹን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የማይክሮፎኑ ሽቦ ላልቶ ድምፄ መጀመሪያ አልተሰማም። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት።

እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ጎበዝ ልጅ ነበር አልኩ። ለሰው ያዝናል፣ ተማሪ ነበር አልኩ።»

«ዝም ብለው ሰሙሽ?»

«አጨበጨቡ፤» አልኳት። ይኼኛው እንኳ እውነት ነው።

እጄን ይዛ ሳመችው። እናት የልጇን እጅ! እጄን ስቤ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ።

ሐምሌ 23

ጋሽ ዋቅቶላ ምን ሆኖ ነው? ሰላምታዬን ይመልሳል፣ ከዚያ በቃ። ከቄራ እስከ ጎፋ ሬዲዮውን ብቻ ሰማን። እሱም ስለ ቡና ምርት ነበር። ሰው ስብሰባ ላይ የተባለውን ሁሉ ከልቡ ይዞ ከኖረ እዚህ አገር ማን ማንን ሊያናግር ነው? እሱ ራሱ አላጨበጨበም እንዴ? አላየሁም። ወደዚያ አላየሁም።

ሐምሌ 27

ኮሪደር ላይ ከበበው ያዘኝ። በሰው ፊት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ተሸንፌያለሁ! ‹ወንድሜ ፀረ ሕዝብ ነበር። ደሜን ከደሙ ለይቻለሁ› ያልሻት! ሙያሽንም አስገባሽበት እኮ። እኔ መቶ ዓመት ባስብ እሷን አላመጣትም።»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ላቦራቶሪ ገብቼ ውሃውን ከፍቼ እጄን ታጠብኩ።

ዶክተር እንግዳ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት ያሉኝ ስህተት ነው። ሁለት ናቸው። አምሐ የፈለገው የመጀመሪያዋን ነበር። ሁለተኛዋን ማንም አልጠየቀኝም። ቆሜ ሳለሁ መጣችልኝ። እንዳማረች ታወቀኝ፤ አልኳት። ያን ርዕስ ስተረጉም እንደሆነው ማለት ነው። ደግሞ ማይክሮፎኑ ምክንያት ሆኖ ሁለቴ።

ነሐሴ 9

ደብዳቤው ተፈረመ። ጄኔቫዎቹም ተቀብለውኛል። አምሐ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ «አደራ፣ አገርሽን አትርሺ» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ያዘ። ይኼ ሰውዬ ደግሞ እንባውን ከየት ያመጣዋል? እኔ እንኳ የለኝም።

ደስ ብሎኛል። ደስ ሊለኝ ይገባል። ከስንት ጊዜ በኋላ በሕይወት ያለ ጥገኛ ላይ ነው!

ነሐሴ 16

እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች። ሱቅ ሰልፍ ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ። «ፅጌዬ በመንግሥት ስብሰባ ስለ ነጋ ተናገረች፤ ሠራተኛው በሙሉ አጨበጨበ።» ማዶ ያሉት ጴንጤዎቹ ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ መጥተው ጸለዩላት። አንዷ ሴት መንገድ ላይ አቁማኝ አገላብጣ ሳመችኝ። ልጇ ከነጋ ጋር ነው የተወሰደው። «ለእኔም ልጅ ተናገርሽለት?» አለችኝ። ሰርቪሱ አመለጠኝ ብዬ ሮጥኩ። ሰርቪሱ ገና አልመጣም ነበር።

«እማዬ፣ ይኼን ወሬ ተይው፤ አደገኛ ነው» አልኳት።

«ካጨበጨቡ በኋላ ምን አደጋ አለው?» አለችኝ።



ጳጉሜ 2

መውጫ ቪዛው ወጥቷል። እማዬ አዲስ ነገር አምጥታለች፦ የምሄድ ቀን ዋዜማ ሰው ልትጠራ ነው። ትጥራ፣ ሽኝት ነው አልኩ። ዛሬ ግን ባቄላና ስንዴ ስታበጥር አገኘኋት። «ይኼ ምንድን ነው?» «ለንፍሮ።» የሽኝት ንፍሮ ማን አይቶ ያውቃል? ንፍሮ የለቅሶ ነው። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ማበጠሯን ቀጠለች።

አቶ ማሞን አስፈቅዳለች። «ድንኳን አይተከልም፣ ጮክ ያለ ልቅሶ የለም፣ የሽኝት ፕሮግራም ከሆነ ግን ቀበሌው አይቃወምም» ብሏታል። ያ ወሬኛ ሰው ገብቶታል ማለት ነው። ገብቶት ነው የፈቀደላት።

ዛሬ ማታ ልነግራት ነበር። ሁለቴ «እማዬ» ብዬ ጠራኋት። አንዴ የሻንጣውን ቁልፍ የት እንዳደረገችው ጠየቅኋት። አንዴ ደግሞ ምንም።

መስከረም 14 ቀን 1976፣ እሑድ

አውሮፕላኑ ነገ ጠዋት ነው። ሰው ሁሉ ገና አልሄደም፤ ጓዳ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ከሰዓት በኋላ ጀምሮ መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አንድም «እንኳን ደስ ያለሽ» ያለኝ የለም። ለእማዬ «እግዜር ያጥናሽ» እያሉ በዝግታ ይቀመጣሉ። እሷ ጥግ ላይ፣ በጥቁር ቀሚስ። ያን ቀሚስ መቼ እንዳሰፋችው አላውቅም። አቶ ማሞ ንፍሮውን እየዘገነ «ቆሎው ጥሩ ነው» ይላል፤ ለስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚያስይዝ ይመስል።

ጋሽ ዋቅቶላ መጨረሻ መጣ። አይመጣም ብዬ ነበር። እማዬን ጉልበቷን ስሞ ተቀመጠ። እኔን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ብቻ ሰላም አለኝ።

«ዋቅቶላ ልጄ፣» አለችው እማዬ፣ «አንተ ስብሰባው ላይ ነበርክ። ፅጌ ስለ ነጋዬ ያለችውን ሰምተሃል።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሰምቻለሁ እማማ። አዳራሹ በሙሉ ሰምቷል። እንደሷ የተናገረ የለም።»

«ታዲያ ንገራቸዋ! እኔ ቃል በቃል አላውቅበትም።»

ያኔ አየኝ። ከሐምሌ ወዲህ ቀጥ ብሎ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ አልነበረም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ከራሷ አፍ ይስሙት፤» አለ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ያቺ ልጇ ከነጋ ጋር የተወሰደው ሴትዮ ወደፊት ተጠጋች። አቶ ማሞ ማኘኩን አቆመ። ጎበዝ ልጅ ነበር። ሦስት ቃል ናት፤ ለእማዬ በር ላይ ብያት የለም እንዴ? ማሞ ቢሰማኝስ? ቪዛው ኪሴ ውስጥ ነው፣ አውሮፕላኑ ነገ ነው። አፌን ከፈትኩ። አፌ ላይ የመጣችው ግን ያቺኛዋ ነበረች፣ ያማረችው። ጥርሴን ገጠምኩ።

«ብርድ መትቶኛል፤» አልኩ። «ድምፄ ዘግቷል።»

ጋሽ ዋቅቶላ አንገቱን ደፋ።

«ተዋት፤» አለች እማዬ፣ ፀጉሬን እየዳበሰች። «የሷን ያህል ማን ተናገረ? ልጄ ሁሉን ተናግራ ጨርሳለች።»

ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ሻንጣዬን ልዘጋ ወደ ጓዳ ገባሁ።